አንድ ኩንታል ጎደሬ

የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው እኔ ገና ወደ ቀኝ መታጠፍ አልቻልኩም ነበር።

አስራ አንድ ዓመት ሞተር ነድቻለሁ። ሶዶ ውስጥ ሞተር የሚያስተምረኝ ሰው ይኖራል ብትሉኝ እስቅባችሁ ነበር። ብረት በያጁ ጩማ ግን ከሞተሬ በስተቀኝ ባለ አንድ ጎማ ወንበር ከገጠመልኝ ወዲህ የማውቀው ሁሉ ጠፋብኝ። በሁለት ጎማ ስትታጠፍ ሰውነትህን ታጋድላለህ፤ ይሄኛው ማጋደል አይገባውም፣ መሪውን በጉልበት መጠምዘዝ ነው። ወደ ቀኝ ስታጥፈው ደግሞ ባዶው ወንበር ከመሬት ይነሳል። እንዳይነሳ ብሎ ጩማ አንድ ኩንታል ጎደሬ ጫነበት። ቀስ በል ባለኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሻዬን እንኳ ሳልጨርስ ተነስቼ ሞተሩን አስነሳለሁ።

ወንበሩ ለባለቤቴ ለሰገነት ነው። ጉልበቷ ታሞ አልታጠፍ ስላላት ሚኒባስ ውስጥ መቀመጥ አትችልም፤ በዚህ የተነሳ ሁለት ጊፋታ ጉኑኖ እናቷ ቤት ሳትሄድ ቀርታለች። ዘንድሮ እወስድሻለሁ ብያታለሁ። ደጅ ተቀምጣ ስለማመድ ታየኛለች። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ እይታዋ ነው።

በዋዜማው ተሳካልኝ። በነጋታው ማለዳ ጆንያውን አውርጄ ሰገነትን አስቀመጥኳት። እግሯን ዘረጋች፣ ነጠላዋን አስተካከለች። ከደጃችን ሳንርቅ፣ የመጀመሪያው ቀኝ መታጠፊያ ላይ፣ ወንበሩ ከነሰገነት ከመሬት ተነሳ። ነዳጁን ቀነስኩ፤ ጎማው ዱብ ብሎ አረፈ።

ወርጄ አየኋት። አልተጎዳችም። ግን ክብደት የላትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ደግፌ ሳስነሳትና ሳስቀምጣት፣ ሁልጊዜ እየቸኮልኩ፣ እንዲህ ማለቋን ልብ አላልኩም። በራሴ አፈርኩ።

«ጎደሬውን መልሰህ ጫን፤ እግሬ ስር ይሁን» አለች።

ጉኑኖ ጎደሬ ሞልቶ ተርፎ፣ ከሶዶ ጎደሬ ጭነን ብንሄድ መሳቂያ እንሆናለን አልኳት።

«ይሳቁ። እናቴ የኔን መክሳት አይታ ከምታለቅስ፣ በጎደሬው ትሳቅ።»

ጆንያውን ጫንኩ። እስከ ጉኑኖ በሁለተኛ ማርሽ ነዳሁ፤ ባጃጁ ሁሉ ቀደመን።