አሥራ ሁለቱ ታምባኪዎች

የጎዳናው ነዋሪዎች ኮሚቴ ጉዳዩን በጥልቀት ከመረመረ በኋላ፣ እሑድ የሚጠበሰው ታምባኪ ዓሣ ከአሥር ወደ አሥራ ሁለት ከፍ እንዲል በሙሉ ድምፅ መወሰኑን ለሚመለከታቸው ሁሉ በታላቅ አክብሮት አስታወቀ። ማስታወቂያው የተለጠፈው በዶና ኦዛሪና በር ላይ ነው፤ ድግሱ የስልሳ አምስተኛ ዓመት ልደቷ ነበርና።

በዚያ ታኅሣሥ የብራዚሏ ከተማ ማናውስ ራሷን ከዳኑት ቆጥራ ነበር። ሚያዝያ ላይ መቃብር በማሽን ሲቆፈርባት ከርማ፣ የተረፈው ሕዝቧ በኮሮና ታሞ የተነሣ ነው። ሰፈሩ ደንብም አውጥቷል፤ ሳህን የሚያዞረው፣ ሽማግሌ ደግፎ የሚያስቀምጠው ታሞ የዳነ ሰው ብቻ ነው። ከዳኑትም አንደኛው የዶና ኦዛሪና ጎረቤት ቫልዶሚሮ ነበር።

የዶና ኦዛሪና ልጅ ኤዲነልሰን በአንድ ቤተ ሙከራ የቫይረስ ዘረመል ያነባል። ማክሰኞ ቫልዶሚሮ ሲያስነጥሰው አይቶ፣ እንደ ቀልድ ከአፍንጫው ናሙና ወሰደለት። ዓርብ ውጤቱን ሲያነብ ቀልዱ አለቀ።

ቫይረስ ሲባዛ የራሱን ጽሑፍ ይገለብጣል፤ ሲገለብጥም ይሳሳታል። አብዛኛው ስሕተት ለምንም አይረባም። ይኼ ግን ከላዩ በወጣው እሾሁ ላይ፣ የሰውነት ዘበኞች ጨምድደው በሚይዙት ቦታ፣ ሦስቴ ተሳስቶ ነበር። ከተማው ያቆመው ዘበኛ ሁሉ ሰውየውን የሚለየው በጢሙ ነው እንበል፤ ሰውየው ጢሙን ተላጭቶ መጣ። ጢማሞቹ በር ላይ ሲቀሩ መንገዱ ሁሉ የእሱ ሆነ።

«ደግመን እስክናረጋግጥ አንድ ቃል አይወጣም» አለች የቤተ ሙከራው አለቃ። «የታማሚው ስም ደግሞ መቼም።»

ኤዲነልሰን ለቫልዶሚሮ ብቻ ሹክ አለው። «ጋሼ፣ ይዞሃል። ከቤት አትውጣ።»

«እኔን? ሚያዝያ ላይ ይዞ ለቆኛል፤ አልጣምኩትም። ማሽንህን አስጠግን።»

ቅዳሜ ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ፣ ድግሱ ይቅር።»

«ሚያዝያ ላይ አሥራ ዘጠኝ ቀን ኦክስጅን ስቤ የተነሣሁት ድግስ ልሰርዝ ነው? ምን ሆነሃል?»

ኤዲነልሰን በመስኮቱ ወደ ጎዳናው አየ። ያኔ የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘበትን ቤት ሰፈሩ ምን እንዳደረገው ያስታውሳል፤ መስኮቶቹ እስከ ዛሬ ካርቶን ናቸው። ደግሞም ሚያዝያ ላይ ታማ መዳኗ ዛሬ እንደማያስጥላት እንዴት ብሎ ይንገራት?

እሑድ ረፋዱ ላይ፣ እንግዳ ከመግባቱ በፊት፣ ኤዲነልሰን በበረዶ ላይ የተደረደሩት አሥራ ሁለት ታምባኪዎች ላይ አንድ ጀሪካን በረኪና አፈሰሰ።

ድግሱ የሚበተን መስሎት ነበር። ሰዉ ግን ሽታውን ተከትሎ መጣ፤ ግቢው ሞላ፤ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ከበቡት።

«ለዓሣ ገላ መታጠቢያ አዘጋጅተህ ነው?» አለ አንዱ።

«ተምሮ ተምሮ ለየለት» አለች ሌላዋ።

ዶና ኦዛሪና ማልቀስ ጀመረች። ቫልዶሚሮ በደንቡ መሠረት ከሁሉ ቀድሞ ደግፎ ወንበር ላይ አስቀመጣት፤ በራሱ መሐረብ ዕንባዋን ጠረገላት። ከዚያ ፊቱን ወደ ሰዉ መለስ አድርጎ አንዴ ሳለ። ደረቅ፣ አጭር ሳል ነበር። ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ኤዲነልሰን ሄዶ የግቢውን በር ወለል አድርጎ ከፈተ።

«ወደየቤታችሁ ሂዱ።»

«ምክንያቱን ንገረንና እንሄዳለን» አለ ቫልዶሚሮ፣ እጁን ከዶና ኦዛሪና ትከሻ ሳያነሣ።

ኤዲነልሰን የቫልዶሚሮን እጅ አየው። መሐረቡን አየው።

«አላስረዳም» አለ።