ጋሽ ካሳዬ ስማቸውን ያዋሱበት ቤት

እስቲ አሁን፣ የጓሮው መንገድ አስፋልት ይሁንልኝ ብሎ የለመናቸው ማን ነው? ተሻገር ይህን ጥያቄ ሚስቱን ብርቅዬን፣ ጎረቤቱን፣ አውቶቡስ የሚጠብቀውን ሰው ሁሉ ሳይቀር ጠይቋል። ኢስት ዮርክ ካለው ቤታቸው ጀርባ ጋራዦች የሚከፈቱበት ጉድጓዳም መተላለፊያ አለ። የከተማው አስተዳደር እሱን አስፋልት ሊያለብስ ነው። ወጪውን የሚከፍሉት ግን መተላለፊያው የሚነካቸው ቤቶች ብቻ ናቸው፤ ከፕሮፐርቲ ታክሱ፣ ከቤት ግብሩ ላይ ተለጥፎ፣ ለዓመታት። ቤቱን ብትሸጠው እንኳ ያልተከፈለው ከቤቱ ጋር ይሄዳል፤ ገዢውም ሞኝ አይደለም፣ አስልቶ ከዋጋህ ላይ ይቆርጥልሃል። ተሻገር ደግሞ ጭራሽ መኪና የለው!

ብርቅዬ የሥራ ሰዓት ከተቀነሰባት ወዲህ ሞርጌጁን፣ የቤቱን የባንክ ዕዳ የሚገፉት በመከራ ነው። ይሄ ከተጨመረ ቤቱ መሸጡ አይቀርም።

አንድ መውጫ ነበረች። ከቤቶቹ ከግማሽ የበለጡት በቀነ ገደቡ ውስጥ አንፈልግም ብለው ከፈረሙ ሥራው ይቀራል። ተሻገር በር ሲያንኳኳ ከረመ። አንዱ ሳይከፍት በመስኮት ሸኘው። አንዲት የግሪክ አሮጊት ስለ ጉልበታቸው ሕመም ከሰዓቱን ሙሉ አውርተው፣ ሊጨልም ሲል ፈረሙለት። ኤዲያ! ሰው ለገዛ ኪሱ እንዲህ ይለመናል? ብቻ እንደ ምንም ከግማሽ በአንድ ቤት በለጡና እየተንጎራደደ ወስዶ አስገባ።

የከተማው ቢሮ ሠራተኛዋ ልጅ ትሑት ናት፤ ትሕትናዋ ራሱ አበሸቀው። የእርስዎ ቤት አይቆጠርም አለችው። ቤቱ የሁለት ሰው ነው፣ የፈረመው አንዱ ብቻ ነው፣ ሁለቱም መፈረም አለባቸው። እስከ ነገ ጊዜ አለዎት።

ያን ጊዜ ጋሽ ካሳዬ ትዝ አሉት። ቤቱን ሲገዛ ባንኩ ደሞዝህ አይበቃም ብሎት ነበር። የሚሄድበት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ጋሽ ካሳዬ፣ ለወንድሜ ስሜን ባውሰው ምን ይጎድልብኛል ብለው የቤቱ ባለቤት ሆነው አብረውት ፈረሙ። በዓመቱ ስምዎን ከቤቱ ላይ አስወጣለሁ ብሎ ቃል ገባ። ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ለሁለት ተከፈለ፣ እሱ ከወጡት ጋር ወጣ፣ ነገሩም ዛሬ ነገ ሲባል ቀረ። በሰብዌይ ባቡር ወደ ጋሽ ካሳዬ ሰፈር፣ ወደ ሴንት ጄምስ ታውን ሲሄድ መንገዱን ሙሉ ነደደው። ለገዛ ቤቴ ሽማግሌ ደጅ ልጥና!

ጋሽ ካሳዬ አቅፈው ሳሙት። ልጆቹን በየስማቸው ጠየቁት። ነገሩን ሲነግራቸው ወዲያው ፈረሙለት። ተሻገር ቀለል አለውና ምሬቱን ዘረገፈው። ሳይጠይቁኝ፣ ሳያማክሩኝ ቤቴ ላይ ሸክም ይጭኑብኛል፣ ይሄ ግፍ አይደለም ወይ አላቸው።

ጋሽ ካሳዬ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት።

«አምና እኔና ባለቤቴ ዓለምሸት ትንሽ ኮንዶ ልንገዛ ባንክ ሄደን ነበር» አሉ። «ሌላ ቤት ላይ ሞርጌጅ አለብህ ብለው መለሱን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብኝ።»

ተሻገር ደነገጠ። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም፣ ጋሼ?»

«ደውዬ ነበር እኮ። አላነሳህም።»

እውነት ነው። ስማቸውን ስልኩ ላይ እያየ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ሊወቅሱኝ ነው ብሎ ዝም ያላቸው ብዙ ጊዜ ነው። አፈረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«አልተቀየምኩህም» አሉ። «ግን እርጅናው እየመጣ ነው። ስሜን አውጣልኝ፣ ልጄ።»

ባንኩ በእሱ ደሞዝ ብቻ ሞርጌጁን እንደማይሰጠው ተሻገር ጠንቅቆ ያውቃል። ቢሆንም እሺ አላቸው።

በማግስቱ ፊርማውን አስገባ፤ አስፋልቱም ቀረ። ጎረቤቶቹ መንገድ ላይ እያስቆሙ እጁን ጨበጡት፣ ግሪካዊቷም ኬክ ላኩለት። እሱ ግን ወደ ቤት ገብቶ ብርቅዬን ቁጭ በይ አላትና፣ የጋሽ ካሳዬ ስም እንዲወጣ ቤቱን ሊሸጡት እንደሆነ ነገራት።