ቦት ያልጠጣው ውሃ

በጋምቤላ ሙቀት ውሃ ቀርቦለት እምቢ የሚል እንግዳ የለም። የተኳረፈ ሰው እንኳ መጀመሪያ ይጠጣል፣ ኩርፊያው ከዚያ ይቀጥላል። በኑዌሮች ዘንድ ግን ይህን የሚከለክል አንድ ነገር አለ። በሁለት ቤተሰብ መካከል ደም ካለና እርቅ ካልወረደ፣ አንዱ በሌላው ቤት እህል ውሃ አይቀምስም። ከቀመሰ ሞት ይከተለዋል ይባላል።

ኛኩዎል ይህን ልማድ በማመልከቻዋ ላይ አሳምራ ጽፋዋለች፣ "በጥንት ጊዜ" ብላ። ከተማ ተወልዳ ከተማ ያደገች አስተማሪ ናት፤ ደም መመለስ ለእሷ የልጅ ማስፈራሪያ ተረት ነው።

ማመልከቻው የሽማግሌዎችን ዘፈንና ታሪክ ለሚሰበስቡ ሰዎች አንድ ድርጅት ለሚሰጠው አነስተኛ ድጋፍ ነበር። ከዚህ በፊትም ሞክራ ወድቃለች፣ ደጋግማ። የድርጅቱ አስተባባሪ ሙሉብርሃን፣ ከጎጃም መጥቶ ጋምቤላን የለመደ ሰው፣ አዘነላትና እውነቱን ነገራት።

"መምህርት፣ ጽሑፍሽ ማለፊያ ነው። ናሙና ግን የለውም። ናሙና የሌለው ማመልከቻ ጨው የሌለው ወጥ ነው። አንድ የድሮ ዘፈን ቅጂና አያይዢ። መዝሙር እንዳይሆን ብቻ፣ እሱ ሞልቷል።"

ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። አባቷ ጋይ በጎረምሳነቱ ለበሬው የሚዘፍን ሰው ነበር። የኑዌር ጎረምሳ በሬ አለው፣ በበሬው ስም ይጠራል፣ ስለ በሬው የገጠመውንም እስኪሞት አይረሳም። ጋይ ግን ከተጠመቀ ወዲህ ያን ዘፈን ትንፍሽ ብሎት አያውቅም። አሁን ዓይኑ ደክሟል፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፣ ቀኑን ማንጎው ጥላ ሥር ይውላል።

"መዝሙር ልዘምርልሽ" አላት።

"መዝሙር አይፈልጉም፣ አባ።"

"እንግዲያው ይቅር።"

ኛኩዎል ደግሞ ይቅር የሚባል ነገር አታውቅም። ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ "ይዘኸው ልትቀበር ነው?" እስከማለት ደረሰች፣ ከዚያ አኮረፈች። ልጅ አባቱን የሚያሸንፈው በክርክር አይደለም፣ በኩርፊያ ነው። ሽማግሌው ተሸነፈ።

በስልኳ ቀዳችው። መጀመሪያ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቆይቶ ግን ሁለት ክንዱን እንደ ቀንድ ወደ ላይ አቁሞ፣ ያ የደከመ ገላ ጎረምሳ ሆኖ ቁጭ አለ። የዘፈነው ስለ አንድ በሬ ነው፤ ጥቁር፣ ግንባሩ ነጭ፣ ግራ ቀንዱ ወደ ዓይኑ የወረደ፣ በጎርፍ ዘመን ከማታር ከተማ ማዶ ወንዙን በዋና ያሻገረው። ሲጨርስ ላብ አጥምቆት ነበር።

"ይህን የሚሰማው ማን ነው?" አለ።

"ዳኞች ናቸው፣ ከአዲስ አበባ። ምን አስጨነቀህ?"

ትርጉሙ ላይ "ስለ አንድ ቆንጆ በሬ" ብላ አለፈችው። ኑዌር ዘንድ በሬ በመልኩና በቀንዱ ከነባለቤቱ እንደሚታወቅ የሰፈሩ አሮጊት ሁሉ ይነግራት ነበር። አልጠየቀችም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ ይኸኛው ወለምታ ደግሞ በስልክ ተቀድቶ ሄደ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ከወር በላይ ቆይቶ ሙሉብርሃን እየሳቀ ደወለላት።

"እንኳን ደስ ያለሽ፣ አልፈሻል። ቋንቋውን የሚያውቅ ዳኛ አለን፣ ዘፈኑን ደጋግሞ ሰማው። ዘፋኙን ቤቱ ድረስ ሄጄ ካላየሁ ብሏል። ቦት ይባላል፣ የማታር ሰው ነው።"

ደስታዋን ይዛ ወደ አባቷ ሮጠች። ሽማግሌው እየበላ ነበር፤ ሲሰማ እጁን ከሳህኑ አነሣ።

"የማታር? የማን ልጅ?"

"እኔ በምን አውቄ?"

"ፑዎክ የት ነው?"

ፑዎክ ታናሽ ወንድሟ ነው። "የት ይሆናል፣ እዚያው ማታር፣ ጀልባውን እየነዳ ነዋ።"

"ይምጣ። አባትህ ጠራህ በይው።"

የሽማግሌ ናፍቆት መሰላት። እሺ አለች፣ ግን እንግዳ ስታሰናዳ ሳትደውልለት ቀረች።

ቅዳሜ በቀትር መጡ። ኛኩዎል ቀዝቃዛ ውሃ አቀረበች። ሙሉብርሃን ባንድ ትንፋሽ ጨለጠና ብርጭቆውን እንደገና ዘረጋላት። ቦት ረጋ ያለ፣ ግዙፍ ሰው ነው። ላቡ ካንገቱ ይወርዳል፣ ከንፈሩ ደርቋል። ብርጭቆው እፊቱ ተቀመጠ።

"ሽማግሌው" አለ በአማርኛ፣ በትሕትና፣ "በሬው የወረደው ግራ ቀንዱ ነው ወይስ ቀኙ?"

ጋይ በደከመ ዓይኑ ድምፁ ወደመጣበት ዞረ። "ግራው" አለ።

"ልክ ነው። እናቴም ግራው ትለን ነበር።"

"አያችሁ፣ ዘፈኑ ማታር ድረስ ይታወቃል ማለት ነው" አለ ሙሉብርሃን፣ ደስ ብሎት።

"አሁን ታውቋል። ቤተሰቡን ሁሉ አሰምቻለሁ።" ቦት ወደ ኛኩዎል ዞረ። "ፑዎክ ወንድምሽ ነው፣ አይደል? ጎበዝ ጀልባ ነጂ ነው።"

ሊሄዱ ሲነሡ ሙሉብርሃን ቀለደበት። "ኧረ ሰውዬ፣ ውሃህን። በዚህ ሙቀት?"

"አልጠማኝም" አለ ቦት።

ባጃጁ ከአጥሩ እንደራቀ ጋይ አፉን ከፈተ። "ጠጣ?"

ኛኩዎል ብርጭቆውን አየች። እስከ አፉ ሙሉ ነው። ያን ጊዜ በገዛ እጇ የጻፈችው ትዝ አላት።

"አልጠጣም፣ አባ።"

"በሬው የአባቱ ነበር። አልሰጥም ብሎ ወንዝ ዳር ታገለኝ፣ ገደልኩት። ያኔ ብናገር ሽማግሌ ነበረ፣ የደም ካሳ ከብት ነበረ፣ እርቅ ነበረ። ዝም አልኩ። ኋላ ተጠመቅሁ፣ ያ ውሃ ያጠበኝ መሰለኝ።"

"ሊገድሉህ ነው?" አለች፣ እያለቀሰች።

"እኔንማ ምን ያደርጉኛል? መቃብር አፋፍ ላይ ያለ ሰው ገድሎ ደም መለሰ የሚባል የለም። በአባት ፈንታ ልጅ ነው።"

ስልኳን አነሣች። ጠራ፣ ጠራ፣ ፑዎክ አነሣው።

"እህቴ፣ ድጋፉን አገኘሽ አሉ። የአባባን ዘፈን ማታር ሁሉ እየሰማው ነው።"

"የት ነህ?"

"ጀልባ ላይ። ዛሬ ቀንቶኛል፣ ማዶ አድርሰን ብለው ሙሉዋን ተከራዩኝ። ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ ዝም ብቻ ነው የሚሉት። የሚገርምሽ፣ በዚህ ፀሐይ ውሃ ባቀብላቸው አንዳቸውም አልጠጡልኝም።"

"ውረድ። ፑዎክ፣ አሁኑኑ ውረድ።"

"ሞተሩ ተነሥቷል፣ ድምፅሽ አይሰማኝም" አለ ወንድሟ እየሳቀ። "ስንሻገር እደውልልሻለሁ።"