ገጣሚ ያልሆኑት መምህር

የጂኦሜትሪው መምህር ወደ ካታሎግ ክፍል ሲገቡ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘውት ስለነበር፣ ለቅሶ ሊደርሱ እንጂ ቤተ መጻሕፍት የመጡ አይመስሉም ነበር።

«የኔ ልጅ፣ እዚህ ቤት ካሉኝ መጻሕፍት አንዱ እንዲነሣልኝ ፈልጌ ነው» አሉ፣ ከጠረጴዛው ፊት እንደቆሙ።

«ተበላሽቶ ነው መምህር?»

«ምነው በተበላሸ! ያልጻፍኩት ሆኖብኝ እንጂ።»

የካታሎግ ሠራተኛዋ እትዬ ካርድ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች። ይህን ቅጽል ስም ያወጡላት ባልደረቦቿ ናቸው። ኮምፒውተር መጥቶ የመጻሕፍት ካርዶቹ የእንጨት መሳቢያዎች ወደ ኮሪደር በተባረሩበት ቀን፣ ዘመድ እንደሚሸኝ ሰው ዓይኗን እየጠረገች እስከ በሩ ተከትላቸው ነበርና። ከዚያ ወዲህ ከእነዚያ ካርዶች አንዲቷን እንኳ ለማንም አሳልፋ ሰጥታ አታውቅም፤ ለኃላፊዋም ቢሆን።

ኃላፊዋ በቅርቡ ከውጭ አገር ስብሰባ ሲመለስ ለእሷ ያመጣላት ስጦታ ሥራ ነበር። የመጀመሪያው ኮምፒውተር ከላቲን ፊደል በቀር ሌላ ስለማያውቅ፣ በገዛ ፊደላቸው ሲጽፉ የኖሩት ደራስያን ሁሉ ስማቸውን የላቲን የተውሶ ልብስ አልብሰው ነበር መዝገብ ውስጥ የገቡት። ልብሱም ጠባብ ነበር፤ የራስንና የአባትን ስም አስገብቶ አያትን ደጅ ይተዋል። አሁን የመጣው ፕሮግራም የእኛን ፊደል ስለሚያነብ፣ ደራስያኑን አንድ በአንድ እየጠራች የገዛ ልብሳቸውን የምትመልስላቸው እሷ ሆነች። በዚህም መካከል በአያት ብቻ ይለያዩ የነበሩ ሰዎች ለዓመታት እንደ አንድ ሰው ተመዝግበው በአንድ አልጋ ተኝተው ታገኛቸዋለች።

«ይቀመጡና ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አለቻቸው።

መምህሩ ተቀመጡ። ነገሩ የጀመረው ከልጅ ልጃቸው ነው። ልጅቷ በስልኳ የቤተ መጻሕፍቱን ካታሎግ ከፍታ የአያቷን ስም ብትፈልግ፣ ትውልድ ሁሉ የተማረባቸው የጂኦሜትሪ መጻሕፍት ወጡላት። ከእነርሱም ሥር «የፍንጭት ጥርስ ምሽቶች» የሚል የፍቅር ግጥሞች መድበል ተሰልፎ አገኘችው። ልጅቷ እልል አለች። የመምህሩ ባለቤት ግን መጽሐፉን አስመጥተው ከዳር እስከ ዳር አነበቡት።

«የባለቤቴ ጥርስ አንድም ክፍተት የለውም» አሉ መምህሩ በተሰበረ ድምፅ። «‹ስሙ ያንተ፣ የአባትህም ስም ያንተ፣ የትውልድ ዘመኑም ያንተ፤ ጥርሷ ብቻ ነው የኔ ያልሆነው› አለችኝ። ከዚያች ማታ ወዲህ ትራሴ ሳሎን ነው።»

እትዬ ካርድ ሳቋን በሳል ሸፈነችው። የግጥሙን መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውርዳ ገለጠችው። በሽፋኑም በውስጡም የገጣሚው ስም ከነአባቱ ብቻ ነው፤ አያት የለ፣ ፎቶግራፍ የለ፣ ስለ ደራሲው የሚል አንድ መስመር የለ። ኮሪደር ወጥታ የድሮውን መሳቢያ ብትስብ፣ በዚያ ፊደል ሥር የነበሩት ካርዶች ጀርባቸው ንጹሕ ስለሆነ የስልክ ቁጥር መጻፊያ ሆነው አልቀዋል። ማን ሳያስፈቅዳት እንደጨረሳቸው ታውቃለች፤ ከኃላፊዋ ጋር ያኮራረፋትም እሱው ነው።

«አይጨነቁ» አለች ተመልሳ። «ደራሲው ራሱ ‹እኔ አይደለሁም› ካለ ደንቡ ይቀበለዋል። አሁኑኑ ሁለት ሰው አደርጋችኋለሁ።»

«ለኮምፒውተሩስ ይበቃ ይሆናል…» ብለው መምህሩ ወደ በሩ ዞሩ።

በሩ ላይ ባለቤታቸው ቆመዋል። ቦርሳቸውን በክንዳቸው አጥብቀው፣ ከንፈራቸውን ገጥመው።

«በል ጨርስ! ልጅቷን በአፍህ ደልለህ ስምህን አስፍቅ» አሉ። «ምላስህ እንደሆነ ለሌላ ሰው ሲሆን ማር ያዘንባል።»

«አንቺ ሴት፣ በሰው ቢሮ…»

«በሰው ቢሮ አይደል እንዴ ጉድህ የተቀመጠው!»

እትዬ ካርድ ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው። «እማማ፣ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች በየጊዜው ያጋጥሙናል።»

«ልጄ፣ እኔን የቆጨኝ ሴትዮዋ እንዳትመስልሽ» አሉ ባለቤታቸው፤ ድምፃቸው ድንገት ዝቅ አለ። «ፍንጭቷ ድሮ የነበረች ትሁን፣ ትኑር። ‹ሳቅሽ በፍንጭትሽ ሾልኮ መንገደኛ ያስቆማል› ይላል። እንዲህ ማለት የሚችል ሰው ነው ዕድሜ ልኩን እኔን ‹መብራቱን አጥፊው› ሲለኝ የኖረው? አይችልም ብዬ ትቼው ነበር እኮ። ይችል ኖሯል፤ ለኔ ነው የነፈገኝ።»

እትዬ ካርድም በዚህ ጊዜ የኮምፒውተሩ መዝገብ ቢስተካከልም ባይስተካከልም ለእኚህ ሰውዬ ትራስ የሚፈይደው ነገር እንደሌለ ገባት። የሚታመን ምስክር ከመጽሐፍም ከደንብም አይገኝም፤ ከሰውዬው እጅ እንጂ።

መሳቢያዋን ከፈተች። ከተረፉት ካርዶች አንዱን አውጥታ ጥቂት አመነታችና በጀርባው በኩል ገልብጣ መምህሩ ፊት አኖረችው።

«ይጻፉ።»

«ምን?»

«ግጥም። ለእማማ። አሁን፣ እዚሁ፣ እኛ እያየን።»

«እኔ? በሕይወቴ!»

«እሱን እኮ ነው የምናየው» አሉ ባለቤታቸው፣ ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው።

መምህሩ እስክርቢቶ ያዙ። ላባቸው ችፍ አለ። ጣሪያውን አዩ፣ መስኮቱን አዩ፣ አንድ ጊዜ ከልማድ የተነሣ በካርዱ ጥግ ላይ ትንሽ ክብ ሣሉ። ክቧን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ከዚያ በኋላ ፈተና እንደደረሰበት ተማሪ አንገታቸውን ደፍተው ጻፉ። ሲጨርሱ ካርዱን ለእትዬ ካርድ ገፉላት፤ እሷም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፦

«አንቺ ክብ ነሽ፣ ጥግ የለሽ፣ ጎን የለሽ፣
ከመሐል ሲለኩሽ በየትም እኩል ነሽ።
ዙሪያሽን ለመለካት ክር ቢያስፈልግም፣
እኔ ግን እስከ ዛሬ ለክቼሽ አላውቅም።»

«ክብ?» አሉ ባለቤታቸው። «ወፍረሻል ነው?»

«ኧረ በጭራሽ! ክብ ማለት ከአንድ ነጥብ እኩል የራቁ…»

«ነጥቡስ ማን ነው?»

«እኔ ነኛ» አሉ መምህሩ፣ ባርኔጣቸውን በጣታቸው እያሽከረከሩ። «ስትስቂም ስትቆጪም ርቀትሽ ያው ነው። በቀደም ማታ እንኳ ትራሴን ሳሎን ስትወረውሪ ብርድ ልብሱን አስከትለሽ ወርውረሻል። ሌላ ሰው ቢሆን ብርድ ልብሱን ያስቀራል። ጥግ የሌለው ነገር አይወጋም፤ ያልኩት እሱን ነው።»

ባለቤታቸው መጀመሪያ ትከሻቸው ብቻ ተነቀነቀ። ቀጥሎ መሐረባቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ አልሆነም። በመጨረሻ ጠረጴዛውን ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ በአጠገቡ ባለው የንባብ አዳራሽ «እሽሽ» የሚል ድምፅ እስኪሰማ ድረስ።

«ይኼ ሰውዬ ያንን መጽሐፍ አልጻፈውም!» አሉ ትንፋሻቸውን ሲያገኙ። «በምድርም በሰማይም አይጽፈውም!»

«ይህን ያህል መጥፎ ነው እንዴ?» አሉ መምህሩ። ነፃ ሲወጡ ደስ ሊላቸው ሲገባ፣ እንደ ማንኛውም ደራሲ ከፋቸው።

«ክር ምን ይሠራል እግዜር ያሳይህ? በግጥም ውስጥ ክር!»

«ዙሪያ የሚለካው በክር ነዋ።»

እትዬ ካርድ ወደ ኮምፒውተሯ ዞራ ሁለቱን ሰዎች መለየት ጀመረች። ገጣሚውን በገዛ ፊደሉ፣ ፍንጭቷን ይዞ ወደሚሄድበት ለብቻው አሰናበተችው። መምህሩን ከነአያታቸው ጽፋ ከጎን «የጂኦሜትሪ መምህር» አለች። ማስረጃው ከየት እንደተገኘ የሚጻፍበት ሣጥን ላይ ስትደርስ «የደራሲው ቃል» ልትል ጣቷን አነሣች።

«የሱን ቃል እንዳትጽፊ» አሉ ባለቤታቸው ከኋላዋ። «የኔን ጻፊ። ያየሁት እኔ ነኝ።»

«ቤተሰብም ይመሰክራል፤ ደንቡ ይፈቅዳል። ካርዱን ግን ከማስረጃው ጋር ላስቀምጠው…»

እትዬ ካርድ እጇን ብትዘረጋ ካርዱ የለም። የባለቤትየዋ ቦርሳ ቀጭ ብሎ ሲዘጋ ብቻ ተሰማ።

«እማማ፣ የመሥሪያ ቤቱ ካርድ እኮ ነው። በፊት ለፊቱ በኩል የዶሮ እርባታ መጽሐፍ ተመዝግቦበታል።»

«ዶሮዎቹም ይጽናኑበት» አሉና ተነሡ።

ካርድ አሳልፋ ሰጥታ የማታውቀዋ ሴት ስትቆጣ ባልደረቦቿ ከክፍል ክፍል እየተጠራሩ ሊሰሙ ይመጣሉ። በዚያን ቀን ግን የሚሰማ ነገር አልነበረም። ባልና ሚስቱ ደረጃውን ሲወርዱ፣ ባልየው ስለ ክር ሲያስረዱ፣ ሚስታቸውም «መብራቱን ዛሬ ራስህ ነህ የምታጠፋው» ሲሉ አዳመጠቻቸውና፣ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ባዶውን ሣጥን በሚያምረው ፊደላችን ሞላችው፦

«ምንጭ፦ የባለቤታቸው ምስክርነት። ግጥም አይችሉም።»