የዳኛው ፒፓ

ሚስቱ ከሥራ ቦታዋ ደውላ «ቶሎ ድረስልኝ፣ ሌባ ተባልኩ» ስትለው የአናጢው መሮ ከእጁ ወደቀ። «ምን ጠፋ?» ብሎ እንኳን አልጠየቃትም። የጠፋው ነገር እዚያው በሥራ ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

ሰፈርተኛው ይህን ሰው «ጭስ አልባ» ይለዋል። ፒፓ ይሰበስባል እንጂ ትምባሆ አፉ ደርሶ አያውቅም፤ የሰው ሲጋራ እንኳን ከሩቅ ያስለዋል። ነገሩ የተጀመረው አንድ አሮጌ ቁም ሳጥን ሲጠግን መሳቢያው ውስጥ ፒፓ አግኝቶ፣ ባለቤቱ «ውሰዳት፣ ምን ታደርግልኛለች» ያለው ቀን ነው። አናጢ ነውና እንጨቷን ወደዳት። በብርጭቆ ወረቀት አሻት፣ በሰም ወለወላት፣ ራስጌው አስቀመጣት። «አንዲት ብቻ ናት» አላት ሚስቱን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። አንዷ ጓደኛ አማራት፣ ጓደኛዋ ደግሞ ጎረቤት፤ መደርደሪያው ሞልቶ የሚስትየው ጫማዎች አልጋ ሥር ተሰደዱ። «እኔንም አንድ ቀን ወልውለህ ትደረድረኛለህ» እያለች ትስቅ ነበር።

እሷ ዓይናቸው የጠፋ አንድ ጡረተኛ ዳኛ ታስታምማለች። ሐኪም ትምባሆ ከከለከላቸው ወዲህ ሽማግሌው ባዶ ፒፓቸውን ነክሰው መስኮት ዳር ይውላሉ። አናጢው የወንበራቸውን እግር ሊጠግን ሄዶ ነው ፒፓዋን ያያት፤ ጠቆር ያለች ቀይ፣ አንገቷ ላይ የብር ቀለበት ያላት። ያን ቀን ምሳው አልወረደለትም። ወንበሩን የሚጠግንበት ሰበብ ሳያልቅ፣ ከራሱ መደርደሪያ በመጠንም በቀለበትም የምትመስላትን መርጦ ሄደና ለወጣት። «አያዩ፣ ምን ይጎድልባቸዋል?» ብሎ ራሱን አታለለ። ቤቱ ሲገባም እንደ ልማዱ አጸዳት፤ ከንፈር በሚይዘው አፏ ላይ የነበረውን ጎርበጥባጣ ሁሉ ሞርዶ እንደ አዲስ አስመሰላት።

አሁን ያቺኑ ፒፓ ኪሱ ከቶ ወጣ። ፈርቷል። መንገደኛው ሁሉ ኪሱን የሚያይ ይመስለዋል። ሰላም ላለው ሻይ ሻጭ እንኳን መልስ ሳይሰጥ አለፈ። «ሶፋ ሥር ጥዬ እዚሁ ናት ብልስ?» እያለ ሲያወጣ ሲያወርድ ከበሩ ደረሰ።

ሚስቱ በሽርጧ ጫፍ እንባዋን ትጠርጋለች። የዳኛው ሴት ልጅ ስልኳን ይዛ ቆማለች።

«ለፖሊስ ልደውል ነው» አለችው። «ከሚስትህ በቀር በየቀኑ እዚህ ክፍል ማን ይገባል?»

ዳኛው በእጃቸው ያለችውን ፒፓ ከፍ አደረጉ። «ዓይኔ እንጂ ጥርሴ አልታወረም። የሟች ባለቤቴ ስጦታ ነበረች። ዕድሜዬን ሙሉ ነክሼ ያጎደጎድኩት ቦታ አላት፣ ጥርሴ እዚያ ገብቶ ያርፋል። ይቺኛዋ ልሙጥ ናት።»

አናጢው ኪሱ ውስጥ ያለችውን ፒፓ አፏን በጣቱ ዳሰሰ። ጎርበጥባጣ ብሎ የሞረደው ምን እንደነበረ አሁን ገባው። ዝም ብሎ መውጣት ይችል ነበር። ሚስቱን አያት፤ ሽርጧን እንደታጠቀች በፖሊስ ስትታሰር ታየችው።

«እኔ ነኝ የወሰድኩት ጌታዬ!» ብሎ ፒፓዋን እጃቸው ላይ አኖረ። «እሷ ምንም አታውቅም። ይማሩኝ።»

ዳኛው ወደ አፋቸው ወሰዷት። ጥርሳቸው ወዲያ ወዲህ ቦታ ፈለገ። 

«ልሙጥ ናት» አሉ።

«ሞርጃት ነው! ምልክቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ!»

«ፒፓ እንደምትሰበስብ ሚስትህ አውርታናለች፤ ከሰበሰብከው መርጠህ አመጣህልን?» አለች ልጃቸው። «የሚስት ጠበቃ!»

ዳኛው ፒፓዋን መለሱለት። «ልጄ፣ ለሚስትህ ብለህ ጥፋቱን በራስህ ማድረግህ ያስመሰግንሃል። ግን ይቺም የኔ አይደለችም።» ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ «ፖሊሱ ይቅር። እሷ ሥራዋን ትታ ትሂድ ብቻ።»

ሚስቱ ግን የብር ቀለበቱን አየችው። በየቀኑ የምትወለውለው ቀለበት ነው፤ በውስጥ በኩል ያለችውን ጭረት ታውቃታለች። ቀስ ብላ ተጠጋችው።

«አፏን ሞረድካት?» አለችው በሹክሹክታ።

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ሽርጧን ፈታች፣ አጣጠፈችና እሱ በጠገነው ወንበር ክንድ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ የዳኛውን ጉልበት ስማ፣ ባሏን ሳትጠብቅ ወጣች።