የይመር ወባ

"ልቀቂኝ፣ እምዬ፤ ሰው ያየናል።"

"ይየን! ትናንት ቦይ ውስጥ ተኝተህ ሲያይህ ያላፈርክ፣ ዛሬ ከአያትህ ጋር ስትሄድ ታፍራለህ?"

"ኃይለ ሥላሴ ይሙት፣ ዛሬ አንድ መለኪያ አልቀመስኩም።"

"ገና ስምንት ሰዓት ነዋ!"

ወይዘሮ ሙሉወርቅ አልለቀቁትም። ከአጠና ተራ በታች ያለውን ጠጅ ቤት እስኪያልፉ ድረስ የልጅ ልጃቸውን ክንድ ጨብጠው በወዲያኛው ዳር ወሰዱት። ይመር የጭነት መኪና ጎማ ብቻውን የሚያነሳ ጎረምሳ ነው፤ እሳቸው ግን መንገድ በተሻገሩ ቁጥር "መኪና!" ይሉታል። እናቱ በወሊድ ከሞተች ወዲህ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሌላ ሰውም የላቸው።

አሁን ስለሚሄዱበት ስብሰባ የነገረቻቸው ጎረቤታቸው ዘመነች ናት። ባሏ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መጥፋት ሲያበዛ፣ ውሽማ ያዘ ብላ ተከተለችው። ያገኘችው ግን በአናጺው በገመቹ ቤት፣ ሰጋቱራ ላይ ከወንዶች ጋር ተቀምጦ ስለ ካቲካላ ሲያለቅስ ነው።

"ጴንጤዎች እንዳይሆኑ ብቻ!" አሏት ወይዘሮ ሙሉወርቅ። ፖሊስ ከየቤቱ እየለቀመ እንደሚወስዳቸው ሰምተዋል።

"ገመቹስ ነው። ሌላው እንደየሃይማኖቱ ነው። ሳምንቱን ሳይጠጡ እንዴት እንዳለፉት ይነጋገራሉ፤ በቃ።"

በቃ ማለት ቀላል ነው። ቢታሰርስ? ሃይማኖቱን ቢያስቀይሩትስ? ሰድበውት ተናዶ፣ ከዚያው ወጥቶ ቢጠጣስ? ከሁሉ የባሰው ግን የሥራው ነገር ነው። ይመር የሚሠራው ረሻድ ጎሚስታ ቤት ነው። ጠዋት መነሳት ባቃተው ቁጥር ወይዘሮ ሙሉወርቅ ነጠላቸውን ደርበው ይሄዱና "ወባው ተነሳበት" ይላሉ፤ ድሮ የመኪና ረዳት ሆኖ አዋሽ በወረደ ጊዜ የያዘው ወባ ነው ብለው። ረሻድ ደግ ሰው ነው፣ "አላህ ይማረው" ይላል። ባለፈው ሳምንት ግን "እማማ፣ ከእንግዲህ አንድ ቀን ቢቀር ሌላ ሰው እቀጥራለሁ" ብሏቸዋል።

ገመቹ በር ላይ ተቀበላቸው። ውስጥ ወንዶች ጣውላ ላይ ተደርድረዋል። ከጥጉ፣ ያልተጨረሰ ቁም ሣጥን አጠገብ፣ ረሻድ ተቀምጧል።

ወይዘሮ ሙሉወርቅ ክው አሉ። አፋቸው ግን ቀደማቸው።

"አቶ ረሻድ! እንደምን ዋሉ? ይኸውልዎ፣ ያ ወባ አልለቀው ብሎ... እዚህ መድኃኒት የሚያውቅ ሰው አለ ቢሉኝ..."

ሰዉ ሁሉ አቀረቀረ። ወዬሳ የሚባለው ቀጭኑ ልብስ ሰፊ ብቻ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ይግቡ፣ እማማ። እኛንም የሚያንቀጠቅጠን እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት ይብሳል።"

ሳቁ ቤቱን ሞላው። ረሻድ አልሳቀም።

"እኔ ደግሞ ዘይነባን፣ ሚስቴን፣ ጅማ ጎማ ላመጣ እሄዳለሁ እላታለሁ" አለ ቀስ ብሎ። "የምከርመው አስኮ፣ ካቲካላ ቤት ጓሮ ነው። ለእኛ ሰው ይህ ምን ያህል ነውር እንደሆነ ያውቃሉ፣ እማማ። አደራ፣ ያዩኝን እዚሁ ይተዉልኝ።"

"እኔ? እኔ እቴ ምን አይቼ!"

ገመቹ ለይመር ቦታ ለቀቀለት። "ስምህንና ያመጣህን ንገረን፣ ወንድሜ። ካልፈለግህም ዝም ማለት ትችላለህ።"

"ይመር ይባላል" አሉ ወይዘሮ ሙሉወርቅ። "ልጄ ጨዋ ነው። ጓደኞቹ ናቸው እንጂ እሱማ..."

"የሚጠጡት እማማ ናቸው እንዴ?" አለ ወዬሳ።

ይመር ሳይወድ ፈገግ አለ። ከዚያ ረሻድን አየና ፈገግታው ጠፋ። "ጋሼ ረሻድ፣ እዚህ የተናገርኩት ነገ ሥራ ቦታ ይጠየቅብኛል?"

ረሻድ ከጥጉ ቀና ብሎ አየው። "ልዋሽህ አልችልም። የቀረህባቸውን ቀናት አልረሳም፤ መቅረትህ ደንበኞቼን እያባረረብኝ ነው። አሁን ምን እንደማደርግ እኔም አላውቅም። ግን ከአንተ አፍ ብሰማው እወዳለሁ።"

ይመር ዞሮ አያቱን አየ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጨንቀው የሚያየው እንዲህ ነው። ወይዘሮ ሙሉወርቅ ምላሳቸው ላይ አንድ ሙሉ ታሪክ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሐኪሙ፣ መርፌው፣ ትኩሳቱ። ደግሞ ያምርላቸዋል። እንጀራውን ያተርፍለት ይሆናል፤ እሱንስ? ትናንት ከቦዩ ያወጡት እኮ የወባ በሽተኛ አልነበረም።

ተነሱ።

"እኔ ቤት ልሂድ።"

"እምዬ! ጥለሽኝ?"

"ምሳህን አሙቄ እጠብቅሃለሁ።"

ከኋላቸው በሩን ገጠም አደረጉት። በበሩ ጣውላ ስንጥቅ የይመር ድምፅ መጣ፤ "እኔ..." አለና ቆመ። ወይዘሮ ሙሉወርቅ ጆሯቸውን ወደ በሩ አስጠጉ። ከዚያ ነጠላቸውን ተከናነቡና፣ ቀጥሎ የሚለውን ሳይሰሙ ፈጠን ፈጠን እያሉ ቁልቁል ወረዱ።