ሁለት ጊዜ የተጠረገው አቧራ

"አቧራውን አርሜ ነው እኮ መረጃውን የላኩልሽ!" አለ ቆቁ። የሥራ ባልደረቦቹ ቆቁ ያሉት ከዓይኑ የሚያመልጥ ነገር ስለሌለ ነው።

የከዋክብት ተመራማሪዋ ክው አለች። የያዘችው የኮምፒውተር ገመድ ከእጇ ወደቀ። ከታች፣ ንግግር የምታደርግበት አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው መግባት ጀምሯል።

"ምን አልክ? እስቲ ድገመው።"

"የከዋክብቱ ቀለም ታርሟል አልኩሽ። ብቻ አንቺም አረምኩት እንዳትዪኝ!"

አርማዋለች። በጠፈሩ መካከል ያለው አቧራ የምታጠናትን ድንክ ጋላክሲ ብርሃን ስለሚያቀላው፣ ያንን መቀነስ የሥራቸው ሀሁ ነው። ሁለት ጊዜ ከተቀነሰ ግን አሮጌው ኮከብ ሰማያዊ ይመስላል፤ ሰማያዊ ደግሞ እነሱ ዘንድ ወጣት ማለት ነው። "ኮከብ መውለድ አቁማ የነበረች ጋላክሲ እንደገና ወለደች" ስትል የከረመችው በዚህ ነው። ኮንትራቷ የሚታደሰው በዚሁ ግኝት ነው። ኮንትራቱ ከቀረ ከእናቷ ጋር የሚኖሩበት የተቋሙ ቤትም ቀረ።

የራሷን እርማት አውጥታ እንደገና አሰላች። ግራፉ ሲወጣ ወጣት የተባሉት ከዋክብት የሉም። ሁሉም ሽማግሌ ናቸው፤ ጋላክሲዋ ዓለም ገና ለጋ ሳለች ወልዳ ጨርሳለች።

"ወይኔ ጉዴ!"

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አለ ቆቁ፣ ማጽናናቱ ነው።

"ታዲያ ነገ ቢጠራ ምን ነበረበት?"

ለንግግሩ ሊጠሯት የመጡት አለቃዋ ፕሮፌሰር ነገሩን ሰምተው በሩን ዘጉ።

"ሌላ ማን ያውቃል?"

"ማንም የለም።"

"እንግዲያው እንዳለ አቅርቢው፤ በኋላ ቀስ ብለን እናርመዋለን። ነገሩ ከተነሳም ጥፋቱ የእሱ ነው። አርሜያለሁ ብሎ መናገር ነበረበት።"

ቆቁ አንገቱን ደፋ። እሷ ኮምፒውተሯን ይዛ ወጣች።

ደረጃውን ስትወርድ ፈራች። ሥራውን ማጣት ፈራች፣ እናቷን ይዛ ቤት ፍለጋ መዞር ፈራች፣ የፕሮፌሰሩን ዓይንም ፈራች። አዳራሹ ውስጥ እናቷ ከፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው አጠገባቸው ላሉት ሰውዬ ያወራሉ።

"የኔ ልጅ ናት። ኮከብ ስትወልድ የምትቆጥር ናት፤ አዋላጅ በሏት!"

ሰውዬው ሳቁ። እሷ ግን ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

ፕሮፌሰሩ አስተዋውቀዋት መድረኩን ለቀቁላት። የቀድሞውን ግራፍ ከፈተች። ትንሽ ቆይታ ቅድም ያወጣችውን፣ ርዕስ እንኳ ያልተጻፈበትን፣ በስተቀኙ አደረገችው።

"የግራው ስህተት ነው" አለች። "ባልደረባዬ አቧራውን በትክክል አርሞ ሰጥቶኛል። ሳልጠይቅ የደገምኩት እኔ ነኝ።"

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ። እናቷ ንግግሩ ያለቀ መስሏቸው አጨበጨቡ፤ ብቻቸውን። እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸውና ወደ ቀኙ ግራፍ ዞረች።